አድዋ ያልዘመቱት ቅድመ አያቴ

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን የታሪክ ትምህርት ነው። ዘውድ ስለደፋ ወይም ጦር ስለመራ ሰው ግን አላወራም። የማወራችሁ መንዝ ውስጥ ገብስ ሲያርሱ፣ በግ ሲያረቡ ኖረው ስለሞቱ አንድ ገበሬ ነው። ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። መቃብራቸው ላይ ስም የለም፤ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። የአያቴ አባት ናቸው።

በዚህ ሰዓት የምታዳምጡኝ ተማሪዎች አጤ ምኒልክ መቼ እንደነገሡ ብጠይቃችሁ ወዲያው ትነግሩኛላችሁ። የአያታችሁ አባት መቼ እንደተወለዱ ብጠይቃችሁስ? እኔም በእናንተ ዕድሜ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ግን አለኝ። መልሱን እንዴት እንዳገኘሁትና ሳገኘው ምን እንደገጠመኝ ነው የምነግራችሁ። እርሳስና ወረቀት ብትይዙ መልካም ነው፤ መሐል ላይ ትንሽ ሒሳብ አለብን።

እኛ ቤት ስለ ቅድመ አያቴ የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አድዋ የዘመቱ ናቸው» ይባላል። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አጎቶቼ ያነሱታል። ማስረጃውም አብሮ ይጠራል፦ በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ ለብዙ ዘመን ተሰቅሎ የኖረ አንድ ውጅግራ። ውጅግራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ሥሪቱ የ1874 እ.ኤ.አ. ነው፤ አድዋ ላይም ተተኩሶበታል። እናም ጠመንጃው የአድዋ ከሆነ ባለቤቱም የአድዋ ነው ተባለ። እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ለጓደኞቼ እየነገርኩ ነው ያደግኩት።

ነገሩን ለማጣራት የተነሣሁት ጥርጣሬ ገብቶኝ አልነበረም። ታሪካቸውን ጽፌ ለልጆቼ ላቆይ ብዬ ነው። ወዲያው የገጠመኝ ችግር እናንተንም ይገጥማችኋል፤ ወረቀት የለም። በአገራችን ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መንግሥት የሚመዘግብበት ሥርዓት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ አልተሠራበትም። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የኖረው ገበሬ የልደት ቀን በምንም መዝገብ ላይ የለም። በእናቱ ልብ ውስጥ ግን ነበረ። እናቱም ቀኑን የምታስታውሰው በቁጥር አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ከሆነው ነገር ጋር አያይዛ ነው። «ጣሊያን ሲገባ የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ» ትላለች። «የኅዳር በሽታ ሲገባ ገና ሙሽራ ነበርኩ» ትላለች። የታሪክ መጽሐፍ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። እሷ የተናገረችውን ወደ ዓመተ ምሕረት የሚመልስልን እሱ ነው።

መሬት የሚለካ ሰው ችካል እንደሚተክል እኛም ጊዜ ላይ ችካል እንተክላለን። ለሸዋ ሰው ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፤ አድዋ የካቲት 1888፤ ሰገሌ ጥቅምት 1909፤ የኅዳር በሽታ 1911፤ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 1928፤ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሡ የተመለሱበትም ያው ሚያዝያ 27፣ በ1933። አደራ የምላችሁ ነገር ቢኖር የሸዋን ችካል በሌላ አገር ላይ እንዳትተክሉ ነው። የጎንደር ሰው ከክፉ ቀን አስቀድሞ ድርቡሽ ከተማውን ያቃጠለበትን 1880ን ያነሣል። የወላይታ ሰው ደግሞ ከአድዋ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1887፣ የካዎ ጦናን መማረክና የአገሩን መወረር ነው የሚነግራችሁ። የአንድ አገር ሰዎች ብንሆንም አያቶቻችን ዘመኑን የቆጠሩት እያንዳንዳቸው በደረሰባቸው ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአያታችሁን አካባቢ ታሪክ አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ጠይቁ።

እኔ የጠየቅኋቸው የአያቴን ታናሽ እህት ነው። ያኔ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቆብ ጭነው መንኩሰዋል፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። ቡና እየተፈላ፣

«እማሆይ፣ አባትዎ አድዋ ሲዘምቱ ስንት ዓመታቸው ነበር?» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝና፣

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ እኔ የተወለድኩት እሱ ካረጀ ነው» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ሴት አያቴ ግን ስለሱ ስታወራ እሰማ ነበር። ክፉ ቀን ሊወጣ ሲል ነው የወለድኩት፤ ዘመኑ ሉቃስ ነበር ትላለች» አሉ።

ይቺን ጻፍኳት እንጂ ያኔ ምን እንደያዘች አልገባኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ማስታወሻዬን ስገልጥ ነው ደንግጬ የተቀመጥኩት።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ይጠራሉ፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። አራተኛው ሲያልቅ እንደገና ከማቴዎስ ይጀመራል። የዓመቱን ወንጌላዊ ለማግኘት ሊቃውንቱ 5500 ዓመተ ዓለምን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ይደምራሉ፤ ድምሩን ለአራት ያካፍላሉ። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ይሆናል። 5500 ራሱ ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ለእኛ ሥራ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለአራት ማካፈል ይበቃል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ እሷንም ማስታወሻ አድርጉት።

ወደ ቅድመ አያቴ እንመለስ። ክፉ ቀን አምስት ዓመት ነው፤ 1880፣ 1881፣ 1882፣ 1883፣ 1884። እያንዳንዱን ለአራት አካፍሉ። 1880 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ ነው። 1881 ማቴዎስ፣ 1882 ማርቆስ። 1883 ሦስት ይተርፈዋል፤ ሉቃስ። 1884 እንደገና ዮሐንስ። ከአምስቱ ዓመታት ውስጥ ሉቃስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልክ «ክፉ ቀን ሊወጣ ሲል» በሚባለው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ቅድመ አያቴ የተወለዱት በ1883 ዓ.ም. ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ለልጅ ልጇ የተናገረችው አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ዓመቱን ሳያዛንፍ ሰጠኝ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ታማኝ መዝገብ አላየሁም።

1883 ከሆነ ደግሞ፣ አድማጮቼ፣ በየካቲት 1888 ቅድመ አያቴ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ለቤተሰቡ ስነግር የተቆጣኝ አለ። «ስማችንን ልታጠፋ ነው» ያለኝ አጎቴ ነው። ቁጣው ገብቶኛል፤ አድዋ ለእኛ ከሁሉ የከበረ ነገር ነው። ግን የአያትን ታሪክ መፈለግ ማለት የምንመኘውን አያት መፍጠር አይደለም። የነበሩትን አያት መቀበል ነው። እኔም የተቀበልኳቸው ሰው ቀድሞ ከማውቃቸው የሚበልጡ ሆነው አገኘኋቸው።

እስቲ 1883ን እንመልከት። በ1880 ግድም ጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሬ የሚባል ጠፋ። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ። አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ከወታደሮቻቸው ጋር መሬት ሲቆፍሩ እንደነበር በዘመኑ ተጽፏል፤ ያለ በሬም ቢሆን መዝራት እንደሚቻል ለሕዝቡ ለማሳየት ነው። ያ የከብት በሽታ ዓለምን ለብዙ ዘመን አስለቅሶ፣ ከምድር ገጽ ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዘመን መንዝ ውስጥ፣ በብርዱ አገር፣ አንዲት ሴት ጡት የምታጠባው ሕፃን ነበራት። እሷ ምን በልታ ነው ያጠባችው? እማሆይ አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። ግን ስሙ አንድ ነገር ይነግረኛል። በአገራችን ልጅ ሲሞት፣ ከእሱ በኋላ የሚወለደው ምትኩ ይባላል፤ ካሣ ይባላል፤ ማስረሻ ይባላል። ከመዓት የዳነው ተረፈ ይባላል። የቅድመ አያቴ ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። ቤተሰቤ ስሙ በሬዲዮ እንዳይጠራ ስለፈለገ ነው የማልጠራው። ስሙን ሕይወቴን ሙሉ ስሰማው ኖሬ ትርጉሙን አልጠየቅኩም ነበር። አሁን ከዓመቱ ጋር ሳስተያየው፣ ከእሳቸው በፊት የተቀበረ ልጅ እንደነበረ እገምታለሁ። ግምት መሆኑን ደግሞ ማስታወሻዬ ላይ «ግምት» ብዬ ጽፌዋለሁ። እናንተም ሰው የነገራችሁን፣ መጽሐፍ ላይ ያገኛችሁትንና ራሳችሁ የገመታችሁትን ለየብቻ ጻፉ። ሦስቱን የቀላቀለ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለራሱም ይጠፋዋል።

አድዋስ? አድዋ ቤታቸው ድረስ መጥታለች። የክተት አዋጁ በ1888 መጀመሪያ ሲታወጅ የሠራዊቱ መሰብሰቢያ ወረኢሉ ነበር፤ ወረኢሉ ከመንዝ ሩቅ አይደለም። እናቶች በሶ ይፈጫሉ፣ ቆሎ ይቆላሉ፣ ስንቅ በስልቻ ይታሰራል። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ያስታውሳል። አባታቸው ውጅግራውን ይዘው ከቤት ሲወጡ አይተው ይሆናል፤ ጠመንጃው ከአባታቸው የወረደ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ይህም በማስታወሻዬ ላይ «ግምት» ከሚለው ሥር ነው።

ታዲያ «አድዋ ዘመቱ» የሚለው ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ እማሆይ ተመለስኩ። ሒሳቡን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣

«እሱ የሄደው ሰገሌ ነው» አሉኝ። «እናቴ ናት የነገረችኝ። እሱ ራሱ አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም። ልጆቹ የት ነው የዘመትከው ሲሉት፣ ዝም ይላቸው ነበር።»

ሰገሌን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። በመጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድ ከነሠራዊታቸው ወደቁ። ከዚያ ጥቅምት 17፣ በእስጢፋኖስ ቀን፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ጦሮች ገጠሙ። የሸዋን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ፤ ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አድዋ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሸዋና ወሎ ነበሩ የተራረዱት።

ቅድመ አያቴ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አገራቸው ከወሎ ጋር ድንበርተኛ ነው። በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ይጋባሉ፤ በድርቅ ጊዜ ከብት ይጠባበቃሉ። እና ሰገሌ ሜዳ ላይ ከወዲያ ማዶ የቆመው ሰው ማን እንደነበር ያውቃሉ። ተመልሰው መጡ፤ እስኪሞቱ ድረስ አልተናገሩትም። ልጆቹ አባታቸው መዝመቱን ያውቃሉ፤ የት እንደሆነ አያውቁም። ጠመንጃው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ባዶውን ቦታ አድዋ ሞላው። ማንም አልዋሸም። አባት ሊናገረው ያልቻለውን፣ ልጅ ሊኮራበት በሚችለው ተካው። በብዙ ቤት «አድዋ» እየተባለ ከሚነገረው ውስጥ ስንቱ ሰገሌ ይሆን? እያልኩ እጠይቃለሁ። የአያቶቻችሁን ዝምታ ከንግግራቸው እኩል አዳምጡ የምለው ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ ዘር ቆጠራ ልናገር። በመንዝና በሌላው የርስት አገር ሰው የትውልድ ሐረጉን በቃሉ ያውቃል። መንዝ ራሱ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ የተከፈለው በአቅኚ አባቶች ስም ነው። በ1967 መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ እስኪታወጅ ድረስ፣ ከአቅኚው አባት ትወለዳለህ ወይ የሚለው ጥያቄ እርሻ የማግኘትና የማጣት ጥያቄ ነበር። በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ጋብቻ ሲታሰብም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ስለዚህ ሽማግሌ ዘር ሲቆጥርላችሁ ትልቅ ሀብት ነው፤ ጻፉት፣ ቅረጹት። ግን ለምን ተብሎ እንደተቆጠረ አትርሱ። የተቆጠረው ለመሬትና ለጋብቻ ነው። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ርስት የሚጠይቅለት ስለሌለ ከቆጠራው ይወድቃል። በሰው ቤት ያገለገሉ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ከዚያው ጓዳ አድገው ሳለ ከሐረጉ ላይ የሉም።

ለእኔ የጠፋችብኝ አንዲት ሴት ነበረች። ዘር የቆጠሩልኝ ዘመዶቼ ሁሉ ከቅድመ አያቴ ቀጥለው ሴት ቅድመ አያቴን ይጠሩና ልጆቹን ይዘረዝራሉ። እኔ ግን ዕድሜው አልገጣጠም አለኝ። የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው በ1910ዎቹ ማብቂያ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬ እስከ ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ሳያገባ አይቀመጥም። እማሆይን ጠየቅኋቸው።

«እሷማ አለች» አሉ፤ «የመጀመሪያዋ ሚስቱ። ከሰገሌ እንደተመለሰ ነው ያገባት። የኅዳር በሽታ ወሰዳት። ልጅ አልነበራትም።»

የኅዳር በሽታ የምንለው በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው፣ ከዚያ ጋር ተያይዞ የቀረ ልማድ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ጭስ ሳሸት ኖሬያለሁ። በዚያ በሽታ ከእኛ ቤት የሞተ ሰው እንዳለ የነገረኝ አልነበረም። ስሟን እማሆይ ያውቁታል። ዘጠና ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠራውን ስም ነገሩኝ። በቤተሰባችን ሐረግ ላይ፣ ከቅድመ አያቴ ጎን፣ አሁን ተጽፏል።

ስለ ጣሊያን ዘመን ብዙ መናገር ይቻላል፤ አንድ ነገር ብቻ ልምረጥ። እማሆይ ልጅ ሳሉ «የዋሻው ጊዜ» የሚባል ነገር ነበር። ሲወራ ሴቶች ያለቅሳሉ። ይህን በመጽሐፍ ስፈልገው አገኘሁት። በሚያዝያ 1931፣ ጌራ ምድር ውስጥ፣ ዘረት ላይ፣ የአካባቢው ሰው አመጸኛ ዋሻ በሚለው ዋሻ ውስጥ አርበኞች ከነቤተሰባቸው ተጠልለው ነበር፤ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ቁስለኞች። የጣሊያን ጦር ከበባቸው፤ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡት ውስጥ ብዙዎቹን ረሸነ። ያለቀው ሰው በብዙ መቶ ይቆጠራል። ዓለም ይህን ያወቀው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የራሱን አገር የጦር ሰነዶች መርምሮ፣ በ1998 ዓ.ም. ግድም ዋሻው ድረስ ከመጣ በኋላ ነው። የመንዝ ሰው ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ሲያወራው ኖሯል። ቦታውን ያውቃል፤ አጥንቱ እዚያው ነው። ሰነዱና የሕዝቡ ቃል ሲገናኙ ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ። ከእንግዲህ ወዲህ «የሽማግሌ ወሬ ነው» ብሎ ታሪክ የሚንቅ ሰው ካጋጠማችሁ ዘረትን ጥቀሱለት።

በዚያው ዘመን የቅድመ አያቴም ቤት ተቃጠለ። በሸዋ ገጠር አርበኛ ያለበትን መንደር ማቃጠል የወራሪው ቅጣት ነበር። ከቤቱ ጋር የነደደ አንድ ዳዊት እንደነበረ እማሆይ ያስታውሳሉ፤ የቅድመ አያቴ ወንድም ዲያቆን ነበሩና የእሳቸው ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። በአገራችን በዳዊትና በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ስም፣ የመሬት ሽያጭ፣ የኑዛዜ ቃል ይጻፋል። የጎንደርን ዘመን የመሬት ታሪክ ያጠኑ ሊቃውንት ትልቁን ማስረጃ ያገኙት በየአድባራቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ነው። ቤታችሁ አሮጌ ዳዊት፣ ድርሳን ወይም ውዳሴ ማርያም ካለ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል ቀስ ብላችሁ ገልጣችሁ እዩ። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሡት። መጽሐፉን አትሽጡት።

ከቤት ውጪ የት ይኬዳል ለሚል ሰው፦ አዲስ አበባ ያለው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሁላችንም ወመዘክር የምንለው፣ አለ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። መጻሕፍት ለምትፈልጉ ደግሞ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ግብሩን፣ መሬቱንና ሥርዓቱን ያሳያችኋል። የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታ ከ1896 እስከ 1922 ያለውን ዘመን በዓይን ባየ ሰው አፍ ይተርክላችኋል። የአያታችሁን ስም በእነዚህ ውስጥ አታገኙትም። አያታችሁ የከፈሉትን ግብርና የሸሹትን በሽታ ግን ታገኛላችሁ።

ሽማግሌ ስትጠይቁ አትቸኩሉ። «ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የማያውቁትን እንዲገምቱ ታስገድዷቸዋላችሁ። «ያኔ ማን ነበር ገዢው? ዘመኑ ማን ነበር? ጣሊያን ገብቶ ነበር? ጥርስ አብቅለው ነበር? ከብት ይጠብቁ ነበር?» በሉ። በመጀመሪያው ቀን ያልመለሱትን በሦስተኛው ቀን ይመልሳሉ። ወንዶቹ ዘመቻውን፣ ሴቶቹ ልደቱንና ሞቱን ያስታውሳሉ፤ እኔን ያዳነኝ ሴቶቹን መጠየቄ ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በሪያድ ያላችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ለሰላምታ ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ፈቃድ ጠይቃችሁም ድምፃቸውን ቅረጹ።

ቅድመ አያቴ የሞቱት ነፃነት በተመለሰ በዓመቱ ነው ይላሉ እማሆይ፤ «ዘመነ ማርቆስ ነበር» ብለው ጨመሩልኝ። 1934ን ለአራት አካፈልኩት። ሁለት ተረፈው። ማርቆስ ነው።

እማሆይ ይህን ከነገሩኝ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። ያልጠየቅኋቸው ብዙ ነገር አለ። እናንተ ገና የሚጠየቅ ሰው ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ራት ሲቀርብ አጠገባቸው ተቀመጡና ጠይቋቸው፦ እናትዎ እርስዎን ሲወልዱ ዘመኑ ማን ነበር?

(የመዝጊያ ሙዚቃ)